ለደጋ አገር የተስማማው ጄት
(በትምህርት ቤታችን ክብረ በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



 የምናገረው ስለ አንድ አይሮፕላን ነው። «የቡታጅራ ልጅ ስለ በርበሬ ይናገር እንጂ ስለ አይሮፕላን ምን አገባው?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አባቴም ከመካከላችሁ ተቀምጠዋል። እርሳቸው ዘወትር «ልጄ፣ ሰማይ ላይ ሱቅ የለም» ይሉኛል፤ ትምህርቴን ስጨርስ መርካቶ ከአጎቴ ሱቅ እንድገባ ይፈልጋሉ። እኔ ግን የአይሮፕላን ጥገና ለመማር እመኛለሁ። እንግዲህ ይህ ንግግር ለእናንተ ወግ፣ ለአባቴ ደግሞ መልስ ይሁንልኝ።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር ሳለሁ ከአንድ አሮጌ መጽሔት ላይ የቦይንግ 720 ቢን ሥዕል አየሁ። አራቱ ሞተሮች ከክንፎቹ በታች ተንጠልጥለዋል፤ ክንፎቹም እንደ ጭልፊት ክንፍ ወደ ኋላ ተስበዋል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ታሪኩን ስከታተል ኖርሁ።

መንገደኞችን በጄት ማጓጓዝ የተጀመረው ሚያዝያ 24 ቀን 1944 ዓ.ም. ነው፤ ኮሜት የሚባለው የእንግሊዝ አይሮፕላን ከሎንዶን ወደ ዮሐንስበርግ በረረ። ነገር ግን በ1946 ዓ.ም. ሁለት ኮሜቶች ሜዲቴራኒያን ባሕር ላይ ወደቁ። ሊቃውንቱም አንዱን ኮሜት ውሃ ውስጥ አግብተው ደጋግመው ቢፈትኑት፣ ገላው በአየር ግፊት መለዋወጥ ደክሞ እንደሚሰነጠቅ ተረዱ። ከዚያ በኋላ የተሠሩት ጄቶች ሁሉ ከዚህ ጥፋት ተምረዋል። በዚያው ዓመት ሐምሌ 8 ቀን የቦይንግ 707 አባት የሆነው የሙከራ ጄት አሜሪካ ውስጥ በረረ። 720 የተባለው የ707 ታናሽ ወንድም ደግሞ ኅዳር 13 ቀን 1952 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሣ።

ይህ ታናሽ ወንድም ለእኛ ለምን ተስማማ? አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ ጉልበት ያንሰዋል፤ ክንፉም በቀላሉ አያነሣም፤ ስለዚህ አይሮፕላኑ ረዥም መንገድ መንደርደር ይኖርበታል። 720 ግን ርዝመቱ 41 ሜትር ተኩል ሲሆን፣ ከመጀመሪያው 707 በሁለት ሜትር ተኩል ያህል አጥሮና ክብደቱም ቀሎ የተሠራ ነው። ክንፉም በዝግታ ሲበር የበለጠ እንዲያነሣ ተሻሽሏል። «ቢ» የተባለው ዓይነት ደግሞ ከሞተሩ ፊት ትልቅ ማራገቢያ አለው፤ ማራገቢያው ብዙ አየር ወደ ኋላ ስለሚገፋ ጉልበቱ ይጨምራል፣ ነዳጁም ይቆጠባል።

አባቴ ይህን ትምህርት ከመጽሐፍ በፊት አስተምረውኛል። በርበሬ ስናስጭን «ጭነቱ ሲቀል ዳገቱ ያጥራል» ይሉ ነበር። የቦይንግ መሐንዲሶችም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ መጋቢት 30 ቀን በዚያው ዓመት በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ አደረገ። ያን ጊዜ አይሮፕላኖቹ ከጦርነት የተረፉ ባለ ሁለት ሞተር ነበሩ፤ አብራሪዎቹም አሜሪካውያን ነበሩ። በ1955 ዓ.ም. ሁለት ቦይንግ 720 ቢ መጡ። የልደታ ሜዳ ለጄት ስለማይበቃ የቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ ተሠራ። ጥር 7 ቀን 1955 ዓ.ም. የመጀመሪያው የጄት ጉዞ ወደ ናይሮቢ ተደረገ፤ በማግስቱም ወደ ማድሪድ። አሮጌው አይሮፕላን በሰዓት ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር እንኳ ለመብረር ሲቸገር፣ ጄቱ 900 ያህል ይበር ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው ግን የሰዎቹ ታሪክ ነው። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1957 የመንገደኞች አይሮፕላን በማዘዝ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኑ። በ1971 ደግሞ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የአየር መንገዱ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። እነዚያ ጄቶች ከአገልግሎት ከወጡ ቆይተዋል፤ በእነርሱ ላይ የተገኘው ዕውቀት ግን አልወጣም። ዛሬ ቦሌ ላይ አይሮፕላን ፈትተው የሚገጥሙት የአገራችን ልጆች ናቸው።

ታናናሽ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ ሒሳብና ፊዚክስ ሲከብዳችሁ ይህን አስታውሱ፤ ስስ አየር የሚሸነፈው በስሌት ነው።

አባቴ ሆይ፣ ሰማይ ላይ ሱቅ እንደሌለ አምናለሁ። ነገር ግን አጎቴ ሱቅ ውስጥ ካለው ዕቃ ጥቂት የማይባለው በሰማይ ያለፈ ነው፤ ያን ዕቃ በሰላም የሚያደርስ አይሮፕላን ደግሞ ምድር ላይ የሚጠግነው ሰው ይፈልጋል። የመግቢያውን ፈተና አንድ ጊዜ እንድሞክር ይፍቀዱልኝ። ብወድቅ ሱቁ መርካቶ አለ፤ እኔም ያለ ቅሬታ እገባለሁ። ባልፍ ግን ምርቃትዎን እንዳያስቀሩብኝ በሁላችሁም ፊት እለምናለሁ።