ግድግዳውና ባሩዱ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



የታሪክ ድራማ በመሐንዲሶች ፊት መነጋገሪያ ሲሆን እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ቢ.ቢ.ሲ. በ2017 በሦስት ክፍሎች ያሳየው «ባሩድ» የተሰኘ የቴሌቪዥን ድራማ፥ ስለ ሃይማኖት ስደትና ስለ ዐመፅ ሲተርክ፥ የሙያ ባለቤት የሆነውን ሁሉ የሚመለከት ጥያቄ ያስነሣል። የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ16ኛው ምዕት ዓመት ማለቂያ በእንግሊዝ አገር ካቶሊክ ሆኖ መኖር ከባድ ፈተና ነበር። የ1581 ሕግ ከመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ጸሎት የቀረውን ሰው በወር 20 ፓውንድ ያስቀጣ ነበር። ካቶሊካዊ ካህንን ማስጠጋት በሞት ያስቀጣ ነበር። በዮርክ ከተማ ማርጋሬት ክሊዘሮ የተባለች ባለትዳር በዚሁ ተከሳ፥ ለክሱ መልስ አልሰጥም በማለቷ በ1586 ከባድ ሸክም ተጭኖባት ሞተች። ድራማው በመጀመሪያው ክፍል ይህን የመሰለ አሟሟት ሳይሸፋፍን በማሳየቱ ከተመልካቾች ቅሬታ ቀርቦበታል።

በ1603 የነገሠው ቀዳማዊ ጄምስ ቀንበሩን ያቀልልናል ብለው የጠበቁት ሰዎች ተስፋቸው መነመነ። የድራማው ባለታሪክ ሮበርት ኬትስቢና ጓደኞቹም ንጉሡን ከነመማክርቱ ለማጥፋት ቆርጠው፥ ከላይኛው ምክር ቤት ሥር 36 በርሜል ባሩድ አከማቹ። ኖቬምበር 5 ቀን 1605 ጉባኤው ሊከፈት ጥቂት ሰዓታት ሲቀሩት ጠባቂው ጋይ ፎክስ ተያዘ። በ2005 በእንግሊዝ ለቴሌቪዥን በተደረገ ሙከራ፥ የምክር ቤቱ አምሳያ ተሠርቶ ወደ አንድ ቶን የሚጠጋ ባሩድ ሲፈነዳበት ሕንጻው ፈራርሷል። ከጣራው ሥር የሚሰበሰቡት ግን አሳዳጆቹ ብቻ አልነበሩም፤ ካቶሊካውያን መኳንንትም ነበሩባቸው። ባሩድ ግፈኛውን ከግፉዕ አይለይም።

በዚያው ዘመን ሌላ ባለሙያ ነበረ፤ የአናጢ ልጅ የሆነው ኒኮላስ ኦወን። ይህ ሰው ለዓመታት በየቤቱ እየዞረ፥ ከደረጃ ሥርና ከግድግዳ መካከል የካህናት መደበቂያ ሲሠራ ኖረ። ፈታሾች የግድግዳውን ውስጥና ውጭ እየለኩ ልዩነቱን ይመረምሩ ስለ ነበር፥ ሥራው ረቂቅ ስሌት ይጠይቅ ነበር። ሤራው ከከሸፈ በኋላ በተደረገው አሰሳ ኦወን ከተደበቀበት በረኀብ ወጥቶ ተያዘ። በ1606 በለንደን ግንብ እየተሠቃየ ሲሞት የሚያውቃቸውን መደበቂያዎች አልተናገረም።

ኬትስቢ በኖቬምበር 8 በተኩስ ሞተ። ዐመፁ ስደቱን አላስቀረም፤ በ1606 ይባስ የከበዱ ሕጎች ወጡ። ካቶሊካውያን በምክር ቤት ለመቀመጥ እስከ 1829 መጠበቅ ነበረባቸው።

ግፍ ዐመፅን እንደሚወልድ ድራማው በሚገባ ያስረዳል። እኔ ግን ለእናንተ የማቀርበው ጥያቄ ሌላ ነው። የማሠቃያውን መሣሪያ የሠራው፥ ባሩዱን ያከማቸውና መደበቂያውን ያነጸው ሁሉም በእጃቸው ጥበብ ተጠቅመዋል። ሥራ ስንቀበል ጥንካሬውንና ወጪውን እንደምናሰላ ሁሉ፥ ከጣራው ሥር የሚገኘው ማን እንደ ሆነ መጠየቅም ከሙያችን ግዴታ አንዱ ነው እላለሁ።