ያደረው ዳቦ
(በአባላት የቁርስ ዝግጅት ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)



እዚህ ሩዋንዳ ቁርስ ቤታችንን ስንከፍት ያስቸገረን ማታ የሚተርፈው ዳቦ ነበር። ዱቄት ተወዷል፤ የተጣለው ዳቦ ሁሉ ከቁጠባችን ላይ ይቀነሳል። ፍሬንች ቶስት እንሥራበት ሲባል ግማሾቻችን «ያደረ ዳቦ ለሰው ይቀርባል ወይ?» ብለን ተቃወምን። አንዲት ታላቃችን «የድርቆሽ ፍርፍር ስትበሉስ?» ብለው ዝም አሰኙን። ፈረንሳዮችም ይህን ምግብ «ፓን ፔርዱ» ይሉታል፤ የጠፋ ዳቦ ማለት ነው።

መጀመሪያ በትኩስ ዳቦ ሞከርን፤ ወተቱን ጠጥቶ መጥበሻው ላይ ተበታተነ። ያደረው ግን ይይዛል። ለ8 ወፈር ያለ ቁራጭ 4 እንቁላል፣ 1 ብርጭቆ ወተት፣ ቆንጠር ጨውና ትንሽ ቀረፋ አብረን እንመታለን። ሁለቱንም ገጽ ነክረን በገበታ ቅቤ እንጠብሳለን። እሳቱ ቀዝቀዝ ይበል፤ አለዚያ ውጩ ያርርና ውስጡ እንቁላሉ ጥሬ ይቀራል (ይህንን የነገረን ደንበኛ ነው!)።

ለላዩ የአርባ ምንጭ ሙዝ ቆራርጠን፣ በ1 ማንኪያ ማርና በሎሚ ጭማቂ ለ2 ደቂቃ እናሞቃለን። ማንጎ ሲረክስ ጥሬውን እንጨምራለን። እንጆሪ ለኪሳችን አልሆነም።

ረቡዕና ዓርብ ለጿሚው አይሆንም፤ ያን ቀን የተረፈው ዳቦ በበርበሬና በዘይት ፍርፍር ይሆናል። ደንበኛ ሲጠይቅም ዳቦው ያደረ መሆኑን አንደብቅም። ከአንድ ሌሊት በላይ የቆየውን ግን አናቀርብም።