ፔሮሉን የምትሠሩት እናንተ ናችሁ

ውድ ተመራቂዎች፣

የምትመረቁት በሒሳብ አያያዝና በሰው ሀብት አስተዳደር ነው። ስለዚህ በቅርቡ እጃችሁ ስለሚገባ አንድ ወረቀት ላውራችሁ፤ ስለ ፔሮል። የሴት ሠራተኞች መብት የሚከበረውም የሚሸራረፈውም፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከመድረሱ አስቀድሞ፣ እዚያ ላይ ነው።

አንድ የሕንፃ ግንባታ ቦታ ቁሙና ባሬላ የያዙትን ተመልከቱ። ፊት ወንድ፣ ኋላ ሴት። አሸዋው አንድ፣ መወጣጫውም አንድ ነው። ሽቅብ ሲወጡ እንዲያውም ክብደቱ ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ ወደ እሷ። ማታ ሒሳብ ሲከፈል ግን በብዙ ቦታ «የወንድ» እና «የሴት» የሚባል ዋጋ አለ፤ የሴቷ ያንሳል። ካቦውን ብትጠይቁት «ድሮም እንዲህ ነው» ይላችኋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 ግን ሴት ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብት እንዳላቸው በግልጽ አስፍሯል። አገራችን እ.ኤ.አ. በ1999 ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 100 ደግሞ አንድ እርምጃ ይሻገራል፤ እኩል ዋጋ ላለው ሥራ እኩል ክፍያ ይላል። እናም የሥራ መደብና የደመወዝ ስኬል ስታወጡ፣ ስፌት መኪና ላይ የተቀመጠችውን ሴትና መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚያነሳውን ወንድ «ሥራቸው ይለያያል» ብላችሁ አትለፏቸው። የሁለቱንም ሙያ፣ ድካምና ኃላፊነት መዝኑ።

ወደ ሕመም ፈቃድ ልምጣ፤ ልቤን የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሲታመም የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጥሎ ያሉትን ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ እንዲያገኝ፣ ከዚያም ሦስት ወር ያለ ክፍያ ሥራው እንዲጠበቅለት ይደነግጋል። መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን በልብስ ስፌት ፋብሪካዎች ከደመወዙ ጎን አንድም ቀን ሳትቀር ለመጣች ሠራተኛ የሚሰጥ ጉርሻ አለ። ደመወዙ ትንሽ ስለሆነ ለእሷ ጉርሻው የቤት ኪራይ ነው። ሐኪም ፈርሞላት ብትቀርም ጉርሻው ከተቆረጠ ሕጉ በአንድ እጁ የሰጣትን ፔሮሉ በሌላው ወሰደባት ማለት ነው። ስለዚህ ትኩሳት ይዟት፣ ማስታገሻ ውጣ፣ ስፌት መኪናዋ ላይ ትቀመጣለች። ፔሮሉን የሚሠራው ሰው ይህን ዓምድ ሲሞላ ዝም ማለት የለበትም።

አሠሪዎች ወጪው ይከብደናል ይላሉ። እናንተ የሒሳብ ሰዎች ናችሁና በሒሳብ መልሱላቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስለ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ባወጡት ጥናት የአንዲት ጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደነበር፣ ፋብሪካዎቹም በአማካይ በ12 ወር ውስጥ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ እንደሚተኩ ጽፈዋል። አዲስ መጤ እስክትሠለጥን የሚበላሸው ጨርቅና የሚባክነው ጊዜ ስንት ነው? ያን ከአንድ ሳምንት የሕመም ፈቃድ ክፍያ ጎን አስቀምጡና አሳዩአቸው። የደመወዙን ማነስ በተመለከተም፣ ለግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም አዋጁ ራሱ ይናገራል፤ ያ ወለል ሴቶቹን ከማንም በላይ ይመለከታል፤ ከወለሉ አጠገብ ያሉት እነሱ ናቸውና።

ወላጆች፣ አንድ ነገር ለእናንተ። ዛሬ የምረቃውን ድግስ የምታበስል ልጅ በየቤታችሁ ልትኖር ትችላለች። የቤት ሠራተኛ ሥራ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ተብሎ ከአዋጁ ውጭ ነው፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለብቻው ደንብ እንዲያወጣ ተትቷል። ስለዚህ ስትታመም ይህ አዋጅ ከጎኗ አይቆምም፤ የምታርፈው እናንተ «ተኚ» ስትሏት ነው። ደመወዟን ሳትቆርጡ አሳክሟት። ልጆቻችሁ ነገ ፔሮል ሲሠሩ የሚያስታውሱት ቤት ውስጥ ያዩትን ነው።

ተመራቂዎች፣ ሥራ በጀመራችሁ በመጀመሪያው ወር ሁለት ነገር ፈትሹ፦ በአንድ መደብ ላይ የወንድና የሴት ደመወዝ ይለያያል ወይ? የሕመም ፈቃድ የወሰደች ሴት ምን ተቆረጠባት? ልዩነት ካገኛችሁ አንቀጹን ጠቅሳችሁ ለአለቃችሁ በጽሑፍ አቅርቡ፤ ግልባጩንም ያዙ።