«ከመቼ ጀምሮ ነው?»



አዘጋጆቹ «ከተመረቅክ በኋላ ስለተማርከው አንድ ነገር ንገረን» ሲሉኝ ስለ ሥራዬ እንዳወራ የጠበቁ ይመስለኛል። እኔ ግን የማወራችሁ ስለ አባቴ አሮጌ ፒካፕ ነው።

ጊዜው 1988 ዓ.ም. ነው። በመካኒካል ምህንድስና ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። አባቴ ከሰበታ አትክልት እየጫነ ፒያሳ አትክልት ተራ በማራገፍ ነበር ስድስት ልጅ ያሳደገው። መኪናዋ ባለ ካርቡሬተር የቤንዚን ፒካፕ ነበረች። አንድ ሰሞን ታመመች። ሚኒሞ ላይ ትንቀጠቀጣለች፣ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ዳገት ላይ ትለግማለች። ቤንዚኑንማ ትጠጣዋለች ብል ይሻላል። አባቴ የቀን ገቢውን ለማደያ ሰጥቶ ባዶ እጁን ይገባ ጀመር።

«ልጄ፣ አንተ የተማርክበት ነገር አይደል? እስኪ እያት» አለኝ።

እኔም አየኋት። አየኋት ማለት ግን አሰብኩላት እንጂ አልመረመርኳትም። አንድ ኪሎ ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል ወደ 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ካርቡሬተር ደግሞ የአየሩን መሳሳት አያውቅም፤ ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። «በቃ፣ ችግሩ ከፍታው ነው!» አልኩ። የቤንዚን መርጫውን ቀዳዳው በጠበበ ቀየርኩት። አልሆነም። ካንዴላ ቀየርኩ፣ ቦቢና ቀየርኩ፣ የአየር ፊልትሮ ቀየርኩ። ሁሉም በአባቴ ገንዘብ ነው። በመጨረሻ «አባዬ፣ ሞተሩ አልቋል፤ ሽጣት» አልኩት። ምንም አልመለሰልኝም። ገዢ ፈለገና ለቅዳሜ ቀጠረው።

ሐሙስ ዕለት እናቴ ሳትነግረኝ ሰፈራችን ያሉትን መካኒክ ጠራቻቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማሩም። ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍቱ «ኢንጂነር፣ ይሄ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉኝ።

«ከሁለት ወር ወዲህ።»

«አዲስ አበባስ ከመቼ ጀምሮ ነው ከፍታ ላይ ያለችው?»

ሳቅ አሉ። እኔ ግን አልሳቅኩም። መኪናዋ እዚሁ ከፍታ ላይ አስራ ምናምን ዓመት ደህና ሠርታለች። ሁልጊዜ የነበረ ነገር ትናንት የመጣን በሽታ ብቻውን አያመጣም። ይሄን ለመረዳት ካልኩለስ አያስፈልግም።

ከዚያ በቅደም ተከተል ሄዱ። ጭሱ ጥቁር ነው፤ ዘይት ቢቃጠል ሰማያዊ ይሆን ነበር። ካንዴላዎቹን ፈቱ። አራቱም እኩል ጥላሸት ለብሰዋል። አንዱ ብቻ ቢጠቁር ጥፋቱን በዚያ ሲሊንደር እንፈልግ ነበር፤ አራቱም ከጠቆሩ ምንጩ የጋራ ነው። ቾኩን አዩ፤ ክፍት ነው። ከዚያ ሞተሩን አስነስተው አንዲት ቀጭን የንፋስ ጎማ ከካርቡሬተሩ ሥር ነቀል አደረጉ። ደህና ሞተር ቢሆን ይረበሽ ነበር። የኛው ግን ተረጋጋ! ትርፍ አየር ሲያገኝ ከተሻለው ቤንዚን በዝቶበታል ማለት ነው። ጎማውን መለሱና የካርቡሬተሩን ጉሮሮ በባትሪ አበሩልኝ። ሚኒሞ ላይ እያለ ቤንዚን ከዋናው መርጫ ጠብ ጠብ ይላል።

ካርቡሬተሩን ፈቱት። ውስጡ ከነሐስ የተሠራ ተንሳፋፊ አለ፤ ቤንዚኑ ልኩ ሲደርስ ከፍ ብሎ መግቢያውን የሚዘጋ። ጆሮዬ ላይ አድርገው ነቀነቁት። ውስጡ ፈሳሽ ይንቦጫቦጫል። ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲነክሩት ከብየዳው ጠርዝ አረፋ ወጣ። በመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ! ተንሳፋፊው ቤንዚን ጠጥቶ ስለከበደ መንሳፈፍ አቅቶት ነበር፤ መግቢያውም አይዘጋም። ውስጡን አሟጠው አደረቁትና በጥቂት ስታኞ ደፈኑት። «ብዙ ካደረግክበት መልሶ ይሰምጣል» አሉኝ። እኔ የቀየርኩትን መርጫም ወደ ቀድሞው መለሱ። የሞተሩ ዘይት ቤንዚን ቤንዚን ይሸት ስለነበር እሱም ተቀየረ፤ ባይቀየር ኖሮ ያልኩት ይደርስ ነበር፣ ሞተሩ በእርግጥ ያልቅ ነበር።

ቅዳሜ ገዢው መጣ። አባቴ ቡና ጠጥተው እንዲሄዱ ብቻ ነው የጋበዛቸው። መኪናዋ ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ሠራች፤ የታናሽ እህቴ የኮሌጅ ክፍያም ከእሷ ነው የወጣው።

ትምህርታችን ውሸት ነበር እያልኩ አይደለም። ስለ ከፍታው ያልኩት ሁሉ እውነት ነበር። እውነት ስለሆነ ብቻ ግን የዚያች መኪና መልስ አልነበረም። ዛሬ ካርቡሬተር ቀርቶ ኮምፒውተር መጥቷል ትሉኝ ይሆናል። የሞተሩን ሙቀት የሚለካው ሴንሰር ተበላሽቶ «ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው» ካለ ኮምፒውተሩም እንደ ተዘጋ ቾክ ቤንዚን ይደፋል። ጥያቄው ያው ነው፦ ምን ተለወጠ? ከመቼ ጀምሮ?

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። በየሴሚስተሩ አንድ ከሰዓት፣ እንደ ጋሼ ያለ አንድ መካኒክ ወርክሾፓችን ገብቶ ከተማሪዎቹ ጋር አንድ የታመመ ሞተር ይመርምር። መምህራን ሰዓቱን ከፈቀዳችሁልን የቀን አበላቸውን እኛ የቀድሞ ተማሪዎች እንችላለን፤ የመጀመሪያውን ዓመት እኔ እሸፍናለሁ።

ጋሼ ዛሬ በሕይወት የሉም። ያኔ የእጃቸውን ስንጠይቃቸው «ለካንዴላ ስታወጡ የከረማችሁት ይበቃል» ብለው የዘይቱን ብቻ ነበር የተቀበሉን። ይህን ዕዳ በዚህ መንገድ ብንከፍለው ደስ ይለኛል።