የማስታወቂያ ደብዳቤ የሚያትምና የሚልክ ድርጅት አመራረጥ



ንግድን በፖስታ ማስተዋወቅ በአሜሪካ የቆየ ልማድ ነው። አሮን ሞንትጎመሪ ዋርድ የተባለው የቺካጎ ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1872 ዓ.ም. የዕቃዎቹን ዝርዝርና ዋጋ በአንዲት ነጠላ ወረቀት አሳትሞ ለገበሬዎች ከላከ ወዲህ ሥራው እየሰፋ ሄዶ፣ የኢንተርኔት ማስታወቂያ በበዛበት በዛሬው ዘመን እንኳ አልተቋረጠም። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ለሚሠራው ኢትዮጵያዊ የጥርስ ሐኪም፣ የግብር ሒሳብ ሠሪ ወይም ባለ ምግብ ቤት ይህ መንገድ ክፍት ነው።

አገር ቤት ላደገ ሰው ግን ነገሩ በመጠኑ እንግዳ ነው። በኢትዮጵያ ደብዳቤ በአብዛኛው የሚደርሰው በፖስታ ሣጥን ቁጥር ስለሆነ፣ ባለሣጥኑ ራሱ ሄዶ ይወስዳል፤ ቤቱን ቢለቅም ሣጥኑን እስካልለቀቀ ድረስ ደብዳቤው አይጠፋም። በአሜሪካ ግን ደብዳቤ የሚጓዘው ወደ ቤት ነው። ሰውየው ቤት በለወጠ ቁጥር በነጋዴው መዝገብ የሰፈረው አድራሻ ዋጋ ያጣል። ድርጅት በሚመረጥበት ጊዜ ችግር የሚፈጥረውም በአብዛኛው ይኸው ነው።

ነጋዴው ብዙውን ጊዜ ከሦስት ማተሚያ ቤቶች ፕሮፎርማ ሰብስቦ፣ ወረቀቱን በጣቱ ዳስሶ፣ የቀለሙን ድምቀት አይቶ፣ ዝቅተኛ ዋጋ ላቀረበው ሥራውን ይሰጣል። ይህ አካሄድ አይጠቅምም ባይባልም የሚታየውን ብቻ መመዘን ነው። የኅትመት ጉድለትን ዐይን ያየዋል፤ ቀለሙ ቢደበዝዝ፣ አቆራረጡ ቢዛነፍ፣ ባለቤቱ ወዲያውኑ «አልረከብም» ሊል ይችላል። የመላክ ጉድለት ግን ድምፅ የለውም። የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት ማርኬቲንግ ሜይል የሚለው፣ እስከ 2017 ድረስ ስታንዳርድ ሜይል ይባል የነበረው፣ በቅናሽ ዋጋ የሚላክ የማስታወቂያ ደብዳቤ፣ ላኪው የማስመለሻ ወይም የማስተላለፊያ ትእዛዝ በላዩ ካላሳተመ በስተቀር ተቀባዩ ሲታጣ አይመለስም፤ ወደ አዲሱ ቤትም አይተላለፍም፤ ይጣላል። ለምሳሌ ከ5,000 አድራሻ ከመቶ ስምንቱ የተበላሸ ነው ቢባል፣ 400 ደብዳቤ ታትሞ፣ ታጥፎ፣ የፖስታ ዋጋውም ተከፍሎለት ይጠፋል፤ ለባለቤቱ የሚነግረው የለም። እርሱም ጽሑፉ ሰው እንዳልማረከ ቆጥሮ ደኅናውን ጽሑፍ ይለውጣል።

ስለዚህ ከዋጋ በፊት የሚጠየቀው ድርጅቱ የስም ዝርዝሩን ምን ያደርገዋል የሚለው ነው። እዚህ ላይ ሁለት ሥራዎች ሲቀላቀሉ ይታያል። አንደኛው፣ ካስ በሚባለው የፖስታ አገልግሎቱ ደረጃ በጸደቀ ፕሮግራም የአድራሻውን አጻጻፍ ማስተካከልና፣ እ.ኤ.አ. በ1963 ዓ.ም. በተጀመረው ዚፕ ኮድ ላይ በ1983 የተጨመሩትን አራት አኃዞች መሙላት ነው። ይህ የቤቱን አድራሻ ያስተካክላል እንጂ ሰውየው እዚያ መኖሩን አያረጋግጥም። ሁለተኛው፣ የቤት ለውጥ ያስመዘገቡትን ሰዎች መዝገብ መፈተሽ ነው። መዝገቡ በሁለት ዐይነት ይገኛል፤ አንዱ የ18 ወር፣ ሌላው የ48 ወር ለውጦችን ይይዛል። «አድራሻ እናጣራለን» የሚል ድርጅት ሁሉ በየትኛው እንደሚያጣራ መናገር አለበት። ደንቡም ራሱ አድራሻው ከመላኩ በፊት ባሉት 95 ቀናት ውስጥ እንዲታደስ ያዛል፤ አምና የተጣራ ዝርዝር ዘንድሮ እንደ ተጣራ አይቆጠርም። የአፓርታማ ቁጥር የጎደለውማ፣ የመንገዱ ስም የቱንም ያህል ቢስተካከል፣ ብዙ ቤተሰብ በሚኖርበት ሕንጻ ባለቤቱን ለማግኘቱ ዋስትና የለውም።

ዝርዝር የሌለው ሰውም አለ። ፖስታ አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. በጀመረው ኤቭሪ ዶር ዳይሬክት ሜይል በሚባለው ዘዴ፣ ስም ሳይጻፍ በአንድ ፖስተኛ መስመር ላይ ላለው ቤት ሁሉ ማደል ይቻላል። በአነስተኛ መጠን የሚልክ ነጋዴ ከ200 እስከ 5,000 የሚደርስ ቅጂ ለአንድ ዚፕ ኮድ በቀን ራሱ ወስዶ ማስረከብ ስለሚችል፣ ላኪ ድርጅት ጭራሽ ላያስፈልገው ይችላል። ለሰፈር ምግብ ቤት ይህ ይበቃል። አማርኛ አንባቢን ብቻ ለሚፈልግ ግን ወረቀት መበተን ነው።

ስለ ቅርጹ አንድ ነገር ይበቃል። የደብዳቤው ርዝመት ለቁመቱ ሲካፈል ከ1.3 በታች ወይም ከ2.5 በላይ ከሆነ ለመለያው መሣሪያ አይመችም ተብሎ ተጨማሪ ያስከፍላል፤ ጐኖቹ እኩል የሆኑት ያማረ ፖስታ የሚጎዳው በዚህ ነው። ይህን ንድፉ ሳያልቅ የሚያስጠነቅቅ ድርጅት፣ ከታተመ በኋላ ከሚያስታውቀው እጅግ ይሻላል።

በአማርኛ ለሚያሳትም ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. ዩኒኮድ ውስጥ ቢገባም፣ ፊደሉ ያልተጫነበት ኮምፒዩተር በምትኩ ባዶ ሣጥኖች ሊደረድር ይችላል። ስለዚህ ጽሑፉ ፊደሉን በውስጡ በያዘ ፒዲኤፍ ይላካል፤ የሙከራውንም ቅጂ አማርኛ አንባቢ አይቶ ይፈርምበታል። «ለ»ን ከ«ሰ» እንዲለይ ከባዕድ አታሚ አይጠበቅም።

የፖስታው ዋጋ ብዙ ጊዜ ከኅትመቱ የሚበልጥ ሲሆን፣ ለላኪው ድርጅት የሚሰጠውም አስቀድሞ ነው። የሌላ ሰው ገንዘብ በዚህ መልክ ስለሚቀመጥ፣ ደብዳቤው በማን ፈቃድ ቁጥር እንደሚላክ ከውሉ በፊት መታወቅ አለበት። በነጋዴው በራሱ ፈቃድ ከሆነ ክፍያው በቀጥታ ለፖስታ አገልግሎቱ ይገባል፤ በድርጅቱ ከሆነ ግን ቀኑን፣ ብዛቱንና የተከፈለውን ዋጋ የሚያሳየው ቅጽ 3602 ግልባጭ ይጠየቃል። ደረሰኝ ብቻ ሰጥቶ ይህን ቅጽ ለማሳየት የሚያመነታ ድርጅት መተው ነው።

ከቅጹ ሌላ ነጋዴው የራሱ መቆጣጠሪያ ያስፈልገዋል። በተለያየ ሰፈር የሚኖሩ አሥር ዘመዶቹንና ወዳጆቹን፣ ስማቸውን በመጠኑ ለየት አድርጎ ዝርዝሩ ውስጥ ይጨምራል፤ ደብዳቤው የደረሳቸውን ቀን እንዲያስታውቁት ያደርጋል። አንዳቸውም ካልደረሳቸው ጥያቄው ለድርጅቱ ነው። ለየት ያለው አጻጻፍ ደግሞ ዝርዝሩ ለሌላ ሰው የተሸጠ እንደ ሆነ ያጋልጣል፤ ያልታሰበ ማስታወቂያ በዚያው ስም ይመጣልና። ዝርዝሩ ለሌላ እንዳይሰጥ፣ የታረመውም ቅጂ ቤት የለወጡት ምልክት ተደርጎባቸው ለባለቤቱ እንዲመለስ፣ የመጀመሪያው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት በውሉ ውስጥ ይጻፋል።