ከመኪናው ጣሪያ በላይ ያለው ሸክም
ወደ አሶሳ ለሚጓዝ ቤተሰብ የዕቃ መጫኛ ስለ መምረጥ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር




እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ለእንዲህ ያለ ጉባኤ የሚያንስ ሊመስል ይችላል። ስለ ድልድይ፣ ስለ ግድብና ስለ ፋብሪካ በሚነገርበት መድረክ ላይ፣ አንድ ቤተሰብ በመኪናው ጣሪያ ላይ ስለሚያስገጥመው የዕቃ መጫኛ፣ በተለምዶ ፖርቶመጋላ ስለምንለው ነገር መናገር ምን ይረባል የሚል አይጠፋም። ይሁን እንጂ ሙያችን ዕለት በዕለት ምክር የሚጠየቅበት ጉዳይ ይህን የመሰለው ነው። መሐንዲስ ወይም መካኒክ ዘመድ ያለው ሰው ሁሉ፣ «ይህ ብረት ስንት ኪሎ ይችላል?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ግን ከመነሻው መስመሩን የሳተ ነው፤ ብረቱ የሚችለውን ሁሉ መኪናው አይችልምና። ስለዚህ ዛሬ ለማስረዳት የምሻው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የዕቃ መጫኛ መመረጥ ያለበት ከዕቃው ብዛት ተነሥቶ ሳይሆን፣ ከመኪናው ጣሪያና ከመንገዱ ጠባይ ተነሥቶ መሆኑን ነው።

ለምሳሌ የምወስደው ከአዲስ አበባ ወደ አሶሳ የሚወስደውን መንገድ ነው። ይህ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም መንገድ በአምቦ፣ በጌዶ፣ በባኮና በነቀምቴ አልፎ ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ይወርዳል፤ እንደገናም ወደ ጊምቢ ይወጣል፤ ከዚያም በነጆ፣ በመንዲና በባምባሲ በኩል አሶሳ ይደርሳል። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ነቀምቴ ወደ ዴዴሳ ቆላ የሚደረገው ቁልቁለት ብቻውን ፍሬንንና መሪን የሚፈትን ነው። መንገዱ ባለፉት ዓመታት በጸጥታ ምክንያት በተደጋጋሚ ሲቋረጥ መቆየቱም የታወቀ ነው። ሆኖም የታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ ቤኒሻንጉል ጉሙዝን ለማየት የሚመኝ ቤተሰብ ሊበዛ እንደሚችል መገመት አያስቸግርም።

በዚህ መንገድ የሚጓዝ የቤተሰብ መኪና ሁለት ጊዜ ይጫናል። ሲሄድ ልብሱን፣ ፍራሹን፣ ስንቁንና ለዘመድ የሚሰጠውን ስጦታ ይሸከማል። ሲመለስ ደግሞ የአሶሳ ማንጎ በጆንያ፣ የቀርከሃ ወንበርና ጠረጴዛም በጥንድ ይከተሉታል። እነዚህ ሁለት ዕቃዎች ለርእሳችን ጥሩ መምህራን ናቸው። ማንጎ ጠባብ ቦታ ይዞ ብዙ ይመዝናል፤ የቀርከሃ ወንበር ጥቂት መዝኖ ብዙ ቦታ ይይዛል። አንደኛው ስለ ክብደት፣ ሁለተኛው ስለ ነፋስ ያስተምረናል።

በመጀመሪያ ክብደትን እንመልከት። ብዙዎቹ የቤት መኪኖች በጉዞ ላይ ሳሉ በጣሪያቸው እንዲሸከሙ በአምራቾቻቸው የሚፈቀደው ከ50 እስከ 100 ኪሎ ግራም ባለው መካከል ነው፤ ትክክለኛው ልክ በየመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ተጽፎ ይገኛል። ከዚህም ውስጥ የመጫኛው የራሱ ክብደት ይቀነሳል። 75 ኪሎ ግራም በተፈቀደለት መኪና ላይ 30 ኪሎ ግራም የሚመዝን በብየዳ የተሠራ የብረት መጫኛ ቢገጠም፣ ለዕቃ የሚተርፈው 45 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ይህም ለግማሽ ኩንታል ማንጎ እንኳ አይበቃም። ከአሶሳ ወደ ወረዳዎቹ በሚወስዱት የጠጠርና የአፈር መንገዶች ላይ ደግሞ ንዝረቱ ስለሚበረታ፣ አንዳንድ የመጫኛ አምራቾች የተፈቀደው ልክ በአንድ ሦስተኛ እንዲቀነስ ያዝዛሉ።

ከክብደቱ ይልቅ የሚያሰጋው ክብደቱ የተቀመጠበት ከፍታ ነው። ተሳፋሪዎቹን ጨምሮ 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ የክብደት ማእከሉም ከመሬት 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ መኪና እናስብ። በ180 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ 100 ኪሎ ግራም ብንጭንበት፣ የክብደት ማእከሉ ወደ 67.5 ሳንቲ ሜትር ይወጣል። 200 ኪሎ ግራም ብንጭን ወደ 74 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። በዚህም የተነሣ መኪናው በጠመዝማዛ ላይ መገልበጥን የሚቋቋምበት አቅም በመጀመሪያው ጭነት ከዘጠኝ አንድ እጅ፣ በሁለተኛው ከአምስት አንድ እጅ ያህል ይጎድልበታል። ሾፌሩ ይህን ጉድለት በቀጥታው መንገድ ላይ አያውቀውም፤ የሚያውቀው ቁልቁለቱን ሲወርድ ከፊቱ ከብት ወይም ሕፃን ሲገባበትና መሪውን በድንገት ሲጠመዝዝ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ነፋስ ነው። የነፋስ ግፊት በፍጥነት ካሬ ልክ ይጨምራል፤ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲነዳ የነበረ ሰው 80 ሲደርስ ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆንበታል። የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት እንደሚያመለክተው፣ በጣሪያ ላይ የተቀመጠ ትልቅና ደንዳና ሣጥን በአንድ ሊትር ነዳጅ የሚኬደውን ርቀት በከተማ ከ2 እስከ 8 በመቶ፣ በአውራ ጎዳና ከ6 እስከ 17 በመቶ ይቀንሳል። እግራቸውን ወደ ላይ አንሥተው የተጫኑ የቀርከሃ ወንበሮችም ከዚህ የተሻለ ቅርጽ የላቸውም። ነዳጅ ለማግኘት ረጅም ሰልፍ በሚያስጠብቅበት ጊዜ ይህ ኪሳራ ቀላል አይደለም። ስለሆነም ጉዞው ሲያበቃ መጫኛው ተፈትቶ መቀመጥ የሚችል ቢሆን ይመረጣል።

እንግዲህ ከመጫኛ ዓይነቶች የትኛው ይሻላል? በገበያ የምናገኛቸው በሦስት ይከፈላሉ፤ ሁለት አግዳሚ ዘንጎች ብቻ ያሉት፣ ዙሪያውን የታጠረ የብረት ቅርጫትና የሚቆለፍ ዝግ ሣጥን ናቸው። ጣሪያቸው የዝናብ ውኃ መውረጃ ጠርዝ ያለው፣ እንደ ላንድ ክሩዘር 70 ያሉ መኪኖች ጠርዙን ዙሪያውን የሚጨብጥ ቅርጫት ሊሸከሙ ይችላሉ፤ ጭነቱ በብዙ ነጥቦች ላይ ይከፋፈላልና። ጠርዝ የሌላቸው የዛሬ ትንንሽ መኪኖች ግን ለዚያው ሞዴል ተለይቶ በተሠራ መያዣ የሚታሰሩ አግዳሚ ዘንጎች ያስፈልጓቸዋል። ጣሪያውን በስቶ ወይም በይዶ መግጠም ውኃ ያስገባል፤ ዝገትንም ይጠራል።

ዝግ ሣጥን በአሶሳ ክረምት ዕቃን ከዝናብ ይጠብቃል፤ ቅርጹም ነፋስን በመጠኑ ይሰነጥቃል። ነገር ግን ለጆንያና ለወንበር አይመችም። ቅርጫት ሁሉን ይቀበላል፤ ጉዳቱም ይኸው ሁሉን መቀበሉ ነው፤ ባዶ ቦታ ያየ ዘመድ አንድ ጆንያ ሳይጨምርበት አያልፍም። በየኬላው ለፍተሻ ዕቃ ማውረድ ግድ በሚሆንበት ጊዜ ደግሞ ጭነቱ በቶሎ የሚፈታና በቶሎ የሚታሰር መሆን ይገባዋል። እየመሸ በጥድፊያ የታሰረ ገመድ ብዙ ጊዜ ይላላል።

ስለ ገመድም አንድ ቃል ልጨምር። የቃጫ ገመድ ሲርስ ይኮማተራል፤ ሲደርቅ ይላላል። በዝናብ ጠብቆ የታሰረ ጭነት ፀሐይ ስትወጣ የሚንቀሳቀሰው በዚህ ምክንያት ነው። በደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬን በኃይል ሲያዝ ጭነቱን ወደ ፊት የሚገፋው ኃይል የራሱን ክብደት ሦስት አራተኛ ያህል ይሆናል። ስለዚህ ጭነቱ ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ፊትና ወደ ኋላም መታሰር አለበት። ለዚህም ማጥበቂያ ያለው የጭነት ቀበቶ ከገመድ ይበልጣል። ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች በኋላ ቆሞ ማሰሪያውን መፈተሽም ልማድ ይሁን።

ክቡራትና ክቡራን፤ ባዶ እጅን መሄድ በባህላችን እንደሚያሳፍር አውቃለሁ። ሙያችን ይህን ደግ ልማድ እንዲሽር አልጠይቅም፤ ልኩን እንዲያበጅለት ግን እጠይቃለሁ። ከባዱ ዕቃ፣ ማንጎውም ጭምር፣ ከመቀመጫው ኋላ ከታች ይቀመጥ፤ ቀላሉና ሰፊው ተጋድሞ ከላይ ይታሰር፤ የነዳጅ ጀሪካን ከቶ ወደ ጣሪያ አይውጣ። የተረፈው ጆንያ በጭነት መኪና ይላክ። ለሚጠይቀን ዘመድም «ብረቱ ይችላል» ከማለት ይልቅ የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ እንክፈትለት። ማንጎው በሁለተኛው ሳምንት ቢደርስ የሚከፋ የለም፤ በመጀመሪያው ቀን መድረስ ያለባቸው ልጆቹ ናቸው።