ዝሆኔ በዘር ይወረሳል ወይ?

 

የዛሬው ንግግሬ ከአንድ ደብዳቤ የተነሣ ነው። ደብዳቤው የመጣው ከጎጃም ደጋ ነው። የጻፉት አባት ፊደል ከቆጠሩ ገና ሁለተኛ ዓመታቸው ነው። በራሳቸው እጅ ነው የጻፉት። ፊደሎቹ ትላልቅ ናቸው። አንዳንዱ መስመር ወደ ላይ ይወጣል፣ አንዳንዱ ወደ ታች ይወርዳል። ጥያቄው ግን ግልጽ ነው።

የእኚህ አባት እግር ካበጠ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በሽታው ዝሆኔ የምንለው ነው። እናታቸውም ይኸው በሽታ ነበረባቸው። ሴት ልጃቸው ሃያ ዓመት ሞልቷት ሽማግሌ ተልኮባት ነበር። ነገሩ ሁሉ ካለቀ በኋላ የልጁ ወገኖች አሳባቸውን ለወጡ። «ዝሆኔ ያለበት ቤት ነው። በዘራችን አናስገባም» አሉ። ልጅቷ እኮ አንዳች ሕመም የለባትም። አባትየው የጠየቁን ይህን ነው። በሽታዬ እውነት በዘሬ አለ ወይ? ልጄስ ትታመማለች ወይ? ከእሷ የሚወለደውስ?

ቶሎ ብዬ «የለም፣ በዘር አይመጣም» ብላቸው ደስ ይላቸው ነበር። ብዙ ሰው እንዲህ እያለ ያጽናናል። እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። «አዎን፣ በዘር ነው» ብላቸውም ትክክል አይሆንም። ስለዚህ ከሥሩ ልጀምር። ታገሡኝ።

ልጅ ሲወለድ ዘመድ ተሰብስቦ ያያል። አንዱ «ቁርጥ አባቱን!» ይላል። ሌላዋ «ዓይኑስ የአያቱ ነው» ትላለች። ይህ መመሳሰል ከየት መጣ?

ሰውነታችን በዓይን በማይታዩ ደቃቅ ነገሮች የተሠራ ነው። እነዚህ ሴል ይባላሉ። ቤት በጡብ እንደሚሠራ፣ ሰውነትም በሴል ይሠራል። በሴሉ ውስጥ ደግሞ ጽሑፍ የመሰለ ነገር አለ። ይህ ጽሑፍ ሰውነት እንዴት እንደሚሠራ ያዛል። ከጽሑፉ አንዱ ክፍል አንድ ጂን ይባላል። በተለምዶ «ዘር ነው፣ ከአጥንቱ ነው» ስንል የምናወራው ስለዚህ ነው።

እናንተ ፊደል ስለምታውቁ ይህ አይከብዳችሁም። እስቲ «ላም» ብላችሁ ጻፉ። አሁን የመጨረሻዋን ፊደል ብቻ ለውጡና «ላብ» በሉ። አንዲት ፊደል ተለወጠች፣ ነገሩ ሌላ ሆነ። በጂንም እንዲሁ ነው። አንዳንዱ ለውጥ ምንም አያመጣም። አንዳንዱ የፀጉርን ወይም የቆዳን ቀለም ይለውጣል። አንዳንዱ ደግሞ ሰውየውን ለበሽታ ያጋልጠዋል።

ይህ ጽሑፍ እንደ መጽሐፍ በጥራዝ በጥራዝ የተከፈለ ነው። ጥራዞቹ ክሮሞሶም ይባላሉ። በአንድ ሰው ሴል ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ 46 ናቸው። 23ቱ ከእናት፣ 23ቱ ከአባት የመጡ ናቸው። እንግዲህ እያንዳንዳችን አንዱን ትእዛዝ ሁለት ጊዜ ይዘነዋል ማለት ነው። አንዱ በእናት በኩል፣ አንዱ በአባት በኩል። እኛም ስንወልድ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ለልጃችን እንሰጣለን። የትኛውን? ይህን የሚመርጥ የለም። ዓይንን ጨፍኖ ከከረጢት ዕጣ እንደማውጣት ነው። የአንድ እናትና አባት ልጆች የማይመሳሰሉት በዚህ ምክንያት ነው። ይህችን የዕጣ ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

የጂን ለውጥ ብቻውን የሚበቃበት ጊዜ አለ። ቆዳቸውና ፀጉራቸው ነጭ ሆኖ የሚወለዱ፣ አልቢኖ የምንላቸው ሰዎች አሉ አይደለም? እናትና አባታቸው ጠይም ወይም ጥቁር ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለቱም ግን የተለወጠውን ጂን ሳያውቁት በአንድ በኩል ይዘው ነበር። ልጁ ከሁለቱም ወገን ሲደርሰው እንዲያ ሆኖ ይወለዳል። ይህን የሚያስቀር ጥንቃቄ የለም። ዝሆኔ ግን እንዲህ አይደለም። ወደ እሱ እንሂድ።

ዝሆኔ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ እንደ ጋምቤላ ባለው ቆላ አገር የሚገኘው ነው። እሱ የሚመጣው በትንኝ ንክሻ ወደ ሰውነት በሚገባ ትል ነው። ደብዳቤው የሚጠይቀው ስለ ሌላው፣ ስለ ደጋውና ስለ ወይና ደጋው ዝሆኔ ነው። ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። ስሙ ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን፣ እግርና አቧራ የሚሉ ቃላት አሉበት።

ስሙን ያወጣለት ኧርነስት ፕራይስ የሚባል እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ነው። በ1960ዎቹ ዓመታት በአገራችን ሲሠራ ይህን በሽታ መረመረ። ሕሙማኑ የሚበዙት ቀይ አፈር ባለበት ከፍተኛ አገር ሆኖ አገኘው። ይህ አፈር በጥንት ዘመን ከመሬት ውስጥ ፈንድቶ ከወጣ እሳተ ገሞራ የተፈጠረ ነው። ሕሙማኑ በባዶ እግር የሚሄዱ ናቸው። በብሽሽታቸው ውስጥ ባሉት እጢዎችም ከአፈር የመጡ ደቃቅ ማዕድናት ተገኙ።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። በባዶ እግር ስንሄድ ከአፈሩ የሚወጣው ደቃቅ ነገር በእግራችን ቆዳ ይገባል። ከእግር ፈሳሽን ወደ ላይ የሚመልሱ ቀጫጭን ሥሮች አሉ። ሰውነት ከገባበት አፈር ጋር ሲታገል እነዚህ ሥሮች ይቆጣሉ፣ እየቆዩም ይደፈናሉ። ያን ጊዜ ፈሳሹ እግር ላይ ይጠራቀማል። እግር ያብጣል ማለት ነው። እርግማን አይደለም። መተትም አይደለም። እባብ በመርገጥም አይመጣም። አብሮ በመብላት ወይም አብሮ በመተኛት ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

«ታዲያ አፈር ከሆነ፣ ዘር ምን አገባው?» ትሉኛላችሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው።

ሁለት ወንድማማቾች አንድ ማሳ ያርሳሉ። ሁለቱም በባዶ እግር ናቸው። አንዱ ይታመማል፣ ሌላው እስኪያረጅ ደህና ነው። በየመንደሩ ያያችሁት ነገር ነው። አፈሩ አንድ፣ እግሩ ባዶ፣ ውጤቱ ግን ሁለት። ሐኪሞችም ይህን አይተው ወደ ጂን ዞሩ። በወላይታ ሕሙማን ያሉባቸውን ቤተሰቦች አያት፣ አባት፣ ልጅ እያሉ መረመሩ። የሕመምተኛ ወንድም ወይም እኅት በበሽታው የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው አምስት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። ኋላም በ2004 ዓ.ም. ፋሲል ተኮላ አየለ የተባለ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከሌሎች ጋር ሆኖ አንድ ጥናት አወጣ። ከደቡብ ኢትዮጵያ 194 ሕሙማንንና 203 ጤነኞችን አነጻጸሩ። በሕሙማኑ ዘንድ በብዛት የታዩት የጂን ልዩነቶች የሰውነትን ዘበኛ በሚያዝዙት ጂኖች አጠገብ ነበሩ።

የሰውነት ዘበኛ ስል ምን ማለቴ ነው? ሰውነታችን ባዕድ ነገር ሲገባበት የሚለይና የሚከላከል ኃይል አለው። አንዳንዱ ዘበኛ ሌባ ሲያይ ብቻ ይጮኻል። አንዳንዱ ግን ቅጠል ኮሽ ባለ ቁጥር ዱላውን ይዞ ይነሣል፣ የጌታውንም ዕቃ ይሰብራል። በዝሆኔ የሚያዘው ሰው ዘበኛው እንደ ሁለተኛው ሳይሆን አይቀርም። አፈሩ ሲገባ ከልክ በላይ ይቆጣል፣ ቁጣው የራሱን እግር ይጎዳል።

እንግዲህ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚሄደው ይህ ቁጡነት ነው እንጂ በሽታው አይደለም። ልጅ ሲወለድ ዝሆኔን ይዞ አይወለድም። ቁጡውን ዘበኛ ይዞ ሊወለድ ይችላል፣ ላይዝም ይችላል። የዕጣውን ነገር ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ዘበኛው ቢኖርም አፈሩ ካልገባ የሚያስቆጣው ነገር የለም።

አምስት እጥፍ የሚለው ቁጥርም አያስደንግጣችሁ። ለምሳሌ በአንድ አገር ከመቶ ሰው 4ቱ ቢታመሙ፣ ከሕሙማን ወንድሞችና እኅቶች ከመቶው 20 ያህሉ ይታመማሉ ማለት ነው። 80ው አይታመሙም።

አሁን ስለ ጫማ ላውራ። ብዙ ሰው «ጫማማ አለኝ» ይላል። አዎን አለው። ለገበያ፣ ለለቅሶ፣ ለክብረ በዓል ያደርገዋል። መንገዱ ጭቃ ሲሆን ግን አውልቆ በእጁ ይይዘዋል። ለእርሻ ሲወጣም ቤት ያስቀምጠዋል። እኔም ልጅ ሳለሁ ጫማዬን በብብቴ ይዤ ገበያ ዳር ስደርስ የማጠልቅ ነበርኩ፣ ስለዚህ ማንንም አልወቅስም። ጫማ ገንዘብ ነው፣ በጭቃ ያልቃል። ግን አስቡት። በገበያው ቀን የተጠበቀው እግር፣ አፈሩ በሚገኝበት በማሳው ላይ ባዶውን ይውላል። ጫማው የሚያስፈልገው እዚያ ነው። በረባሶም ከባዶ እግር ይሻላል፣ አቧራውንና ጭቃውን ግን ያስገባል። እግርን ሁሉ የሚሸፍን ጫማ ከካልሲ ጋር ይበልጣል። ማታም እግርን በውሃና በሳሙና መታጠብ ነው። በጣት መካከል ያለውን አትርሱ።

ደግሞ ስሙ። ይህ በሽታ ዱሮ በሌላም አገር ነበረ። በስኮትላንድ፣ በአየርላንድና በፈረንሳይ ነበረ። በአልጄሪያ፣ በቱኒዚያና በሞሮኮም ነበረ። ዛሬ በእነዚያ አገሮች የለም። የእነዚያ ሰዎች ዘር ተለወጠ እንዴ? አልተለወጠም። አያቶቻቸው የነበራቸውን ጂን ዛሬም ይዘዋል። የተለወጠው ነገር ሁሉም ጫማ ማድረጉ ነው። በእኛ አገር ግን እስከ አንድ ሚሊዮን ተኩል የሚደርሱ ሕሙማን እንዳሉ ይገመታል።

ወደ ደብዳቤው ልመለስ። አባቴ፣ ልጅዎ ቁጡውን ዘበኛ ከእርስዎ ወስዳ ሊሆን ይችላል፣ ላትወስድም ትችላለች። ይህን ሲያስቡ ሌሊት እንቅልፍ አይጡ። ወሰደችም አልወሰደችም የምታደርገው አንድ ነው። ከዛሬ ጀምራ ከቤት ስትወጣ ጫማ ታድርግ። ብዙ ጊዜ በሽታው የሚጀምረው በልጅነትና በወጣትነት ነው። የእግሯ ፊት ቢያሳክካት፣ ቢያቃጥላት፣ ወይም ማታ አብጦ ጧት ቢጎድልላት ሳትውል ሳታድር ወደ ጤና ኬላ ትሂድ። ያን ጊዜ ከተያዘ ሊመለስ ይችላል።

ሽማግሌ ልከው ለተመለሱትም ሰዎች አንድ ነገር ልበል። ይሰሙኝ ይሆናል። «ዘር ከልጓም ይስባል» ይባላል። ለፈረስ ሊሆን ይችላል። እናንተ ሰባት ቤት ቆጥራችሁ «ከእኛ ዘንድ የለም» ትላላችሁ። በእናንተ ቤት ቁጡው ዘበኛ አለመኖሩን በምን አወቃችሁ? ምናልባት አያቶቻችሁ የኖሩት ቀይ አፈር በሌለበት አገር ይሆናል። ምናልባትም ዕጣው ሳይገጥም ቀርቶ ይሆናል። ጤነኛ ልጅን በአባቷ እግር መመለስ የልጅ ልጃችሁን ከበሽታ አያድነውም። ለእሱ የሚያስፈልገው ጫማ ነው።

እኔ እንደማየው ከበሽታው እኩል ሰውን የጎዳው ይህ ወሬ ነው። ቤተሰቡ እንዳይታወቅበት ሕመምተኛውን ከሰው ዓይን ይሸሽገዋል። ሕመምተኛውም «የዘር ነው፣ ምን ይደረጋል?» ብሎ ሳይታከም ይቀመጣል። ግን የሚደረግ አለ። ያውም በቤት ውስጥ። እግርን በየቀኑ በሳሙና ማጠብ፣ ጥቂት በረኪና በተጨመረበት ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ፣ በደንብ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት። ሲቀመጡ ሲተኙም እግርን ከፍ አድርጎ መያዝ፣ በፋሻ ማሰር፣ ጫማ ማድረግ። የበረኪናውን መጠንና የፋሻውን አስተሳሰር የጤና ባለሙያ ያሳያችኋል፣ በግምት አታድርጉት። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን በተሳተፉበት ጥናት ይህ ዓይነቱ እንክብካቤ ተፈትኖ፣ ውጤቱ በ2010 ዓ.ም. ታትሟል። እንክብካቤውን ላገኙት ሕሙማን እግራቸው እየጋለ፣ በትኩሳት እያንዘፈዘፈ የሚጥላቸው ሕመም ቀነሰላቸው። አንዳንዱ ሰው ያን ሕመም ምች ይለዋል።

አባቴ፣ እርስዎም ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሂዱና እግርዎን ያሳዩ። ልጅዎ ወደፊት ወልዳ የልጅ ልጅ ሲያዩ ጫማውን በእግሩ መሄድ ከጀመረ ቀን አንሥታችሁ አድርጉለት። የልጅ እግር ቶሎ ያድጋል፣ ያምናው ጫማ ዘንድሮ ይጠበዋል። ሲገዙለት አንድ ጣት ያህል ተርፎ ይሁን።